የቅምሻ ጉብኝት፦ ትንሿ ብርጭቆ እጃችሁ ከመግባቷ በፊት ምን ሆኖ ነበር?

«የቅምሻ ጉብኝት» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እየጠጡ መዞር ነው። ሚኒባስ ተይዞ ገጠር ይወጣል፤ አንዱ ጋ ወይን፣ ቀጥሎ ቢራ፣ መጨረሻ ላይ ውስኪ፣ ከዚያ እየዘፈኑ መመለስ። እንደዚያ አድርገው የሚመለሱም አይጠፉም። በማግስቱ ብትጠይቋቸው ግን ከሁለተኛው ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። የከፈሉት ደግሞ ለሦስቱም ነበር።

ጉብኝቱ የሚዘጋጀው ለሌላ ነገር ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ጣዕም ከየት እንደመጣ በዓይን ለማየት። ይሄ ደግሞ ከሚመስለው ይቀላል፤ ምክንያቱም ሦስቱም ቦታ የሚሠራው ሥራ ሥሩ አንድ ነው። እሱን ከያዛችሁ አስጎብኚው የሚያወራው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዝላችኋል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንሂድ።

ጉብኝቱ ላይ የሚደረገው ምንድነው?

አስጎብኚ ጥቂት ሰዎችን ይዞ መጠጥ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ያዞራል። ቦታዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ወይን የሚጨመቅበት፣ ቢራ የሚጠመቅበት፣ አረቄ የሚወጣበት። (አረቄ ስል ውስኪውንም፣ ብራንዲውንም፣ ጂኑንም፣ ቮድካውንም ነው። እሳት ላይ ተጥዶ በእንፋሎት የወጣ ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ላይ አረቄ ነው።) በየቦታው መጀመሪያ ሥራው ይታያል። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ብርጭቆዎች ይደረደራሉ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ቅደም ተከተሉ ዝም ብሎ አይደለም። ከባዱን ቀድሞ የቀመሰ ምላስ ቀላሉ ላይ ሲደርስ ውኃ የጠጣ ይመስለዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመን «የወይን መንገድ» ብላ አንድ መስመር የሰየመችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የፈረንሳዩ አልዛስ በ1953፣ የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ በ1971 ተከተሉ። የአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ውስኪ ሠሪዎች ደግሞ በ1999 የቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ ዓይነት ነው) መንገዳቸውን ከፈቱ። ስኮትላንድ ውስጥ ስፔይሳይድ በሚባለው አካባቢ ብቻ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ውስኪ ማውጫዎች ስላሉ፣ እዚያ የሄደ ሰው ችግሩ ምርጫ ነው።

ለምን ሁሉም ገጠር ሆነ?

ወይኑ ግልጽ ነው። የተለቀመ ወይን ፋታ አይሰጥም። ቆዳው ከተቀደደ በራሱ መፍላት ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ በጭነት መኪና ብዙ ከተጓዘ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ አንድ ጠርሙስ ወይን ለመሙላት ከአንድ ኪሎ በላይ ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬውን ከተማ ከማመላለስ መጭመቂያውን ማሳው ዳር መትከል ይሻላል።

የውስኪው ታሪክ ይጣፍጣል። ቀዝቃዛ ውኃ በብዛት ያስፈልጋል፣ እህልም ቅርብ መሆን አለበት፤ ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግብር ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ግብሩ ከባድ በነበረበት ዘመን ብዙዎች ተራራና ጫካ ውስጥ ተደብቀው ነበር የሚያወጡት። በ1823 የወጣ ሕግ ፈቃድ ማውጣትን አቀለለው። በዓመቱ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ገበሬ ግሌንሊቬት ላይ ፈቃድ አውጥቶ ሕጋዊ ሲሆን፣ በድብቅ የሚሠሩት ጎረቤቶቹ እንደ ከጂ ቆጠሩት። ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ታጥቆ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ ቱሪስት ካሜራ ይዞ የሚዞርበት ሸለቆ ያኔ መደበቂያ ነበር ማለት ነው።

ቢራ ግን፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ገጠር የመሆን ግዴታ የለበትም። የደረቀ ብቅል የትም ይጓዛል። ገጠር ያለ ቢራ ጠማቂ ወይ የራሱ ገብስ አለው፣ ወይ ቦታው ረክሶለታል፣ ወይ አየሩን ወዶታል።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ምንድነው?

እርሾ። በዓይን የማትታይ ነፍስ ያላት ነገር ናት። ሥራዋ አንድ ነው፦ ስኳር ትበላለች፣ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ትለቃለች። ሰው በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲጠምቅና ሲጨምቅ ኖሮ፣ ሥራውን የምትሠራው ሕይወት ያላት እርሾ መሆኗን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በሙከራ ያሳየው በ1850ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው ያውቅ የነበረው ድፍድፉ እንደሚፈላ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ የሚጀምረው ስኳሩ ከየት መጣ በሚለው ነው።

ለእርሾ ወይን ማለት ተጠብሶ፣ ተቆርሶ፣ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ምግብ ነው። ስኳሩ ፍሬው ውስጥ አለ። ጨመቅ ማድረግ ብቻ። ገብስ ግን የተቆለፈ ጎተራ ነው። ውስጡ ያለው ስታርች ነው፣ እርሾ ደግሞ ስታርች መብላት አትችልም። ቁልፉ ብቅል ነው።

ብቅል የሚሠራው ገብሱን በማታለል ነው ብንል ይቀላል። ውኃ ውስጥ ይነከራል። ገብሱ የተዘራ ይመስለዋል። ሊበቅል ይነሳና ስታርቹን ወደ ስኳር የሚፈቱ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል፤ ኢንዛይም ማለት አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይር የተፈጥሮ መቀስ በሉት። ልክ ጎተራውን ከፍቶ ሊበላ ሲል በሙቀት ይደርቅና ይቆማል። ቁልፉ ተሠርቷል፣ እህሉ ግን አልተበላም። ያ ብቅል ተፈጭቶ ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ መቀሶቹ ሥራ ይጀምራሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ ዱቄታም ውኃ ጣፋጭ ሆኗል።

ጉብኝት ላይ አስጎብኚው እፍኝ ገብስና እፍኝ ብቅል ካቀረበላችሁ በትህትና እንዳታልፉት። ጥሬው ገብስ ጥርስ ይሰብራል፣ ጣዕሙም ዱቄት ዱቄት ነው። ብቅሉ ቀጭ ብሎ ይሰበርና ወዲያው ይጣፍጣል። ከላይ የጻፍኩት አንቀጽ በሙሉ በሁለት ንክሻ ተብራራ ማለት ነው።

ታዲያ ውስኪ ለምን ያን ያህል ይጠነክራል?

እርሾ ድንበር ስላላት ነው። አልኮሉ እየበዛ ሲሄድ ራሷን ይመርዛታል። አብዛኞቹ የእርሾ ዓይነቶች 15 ከመቶ አካባቢ ላይ ይዝላሉ። ቢራና ወይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ስኳሩ ስለሚያልቅ ይቆማሉ፦ ቢራ 5 ከመቶ ገደማ፣ ወይን ከ12 እስከ 14 ላይ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው እሳት ያስፈልገዋል።

አልኮል የሚፈላው 78 ዲግሪ ላይ ነው፣ ውኃ 100 ላይ። ስለዚህ የፈላውን ድፍድፍ ጥዳችሁ ቀስ ብላችሁ ብታሞቁት፣ ቀድሞ የሚነሳው እንፋሎት አልኮል ይበዛበታል። እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ቱቦ አሳልፋችሁ ስታቀዘቅዙት ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። አረቄ ማለት ያ ጠብታ ነው፤ ሥራው ማንጠር ይባላል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ሦስቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የብቅል ውስኪ ማለት ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ያልገባበት ቢራ ተነጥሮ ነው። ኮኛክ የሚባለው የፈረንሳይ ብራንዲ ማለት ነጭ ወይን ሁለት ጊዜ ተነጥሮ ነው፤ አንድ ሊትር ለማውጣት ወደ ዘጠኝ ሊትር ወይን ይሄዳል። ጉብኝቱ ወይን ወይም ቢራ ላይ ጀምሮ አረቄ ላይ የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ታሪኩም በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው።

ወይኑ ጋ ምን ማየት አለብኝ?

አንድ ጥቁር የወይን ፍሬ ስጡኝ በሉና ጭመቁት። የሚወጣው ጭማቂ ቀይ አይደለም። ከጥቂት ዝርያዎች በቀር ውኃ ሊመስል ምንም አይቀረው። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከቆዳው ጋር አብሮ ለቀናት ስለሚፈላ ነው፤ ቆዳው ቶሎ ከወጣ ከጥቁር ፍሬም ነጭ ወይን ይሠራል። የሻምፓኝ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል።

ከቆዳው ቀለም ብቻ አይደለም የሚመጣው። ታኒን የሚባል ነገርም አለ፤ እሱ ከፍሬው ዘርና ከዘለላው ግንድም ይወጣል። ቀይ ወይን ጠጥታችሁ ድዳችሁና ጉንጫችሁ ከውስጥ ድርቅ፣ ጭምድድ ካለ እሱ ታኒን ነው። ምራቅ ውስጥ ያለውን የሚያለሰልስ ፕሮቲን ስለሚይዘው ነው። ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው፤ ወፍራም የተቀቀለ ሻይም ያደርገዋል።

አስጎብኚው «ደረቅ ወይን» ሲል ደግሞ ስለ ታኒን እያወራ አይደለም። ደረቅ ማለት እርሾዋ ስኳሩን ጨርሳዋለች፣ የቀረ ጣፋጭ የለም ማለት ነው። በቃ።

በርሜሉም ዕቃ ብቻ አይደለም። ኦክ ከሚባል ዛፍ ይሠራል፣ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ቫኒላ ቫኒላ፣ ጭስ ጭስ የሚለው ሽታ ከእንጨቱ ነው የሚመጣው። ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ ወይን አካባቢ የተለመደ በርሜል 225 ሊትር ይይዛል። ትንሽ ሲሆን ወይኑ ከእንጨቱ ጋር ብዙ ይገናኛል፣ ትልቅ ሲሆን ይቀንሳል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ወይን እየፈላ ያለበት ጋን ላይ አንገታችሁን አታስግጉ። የእርሾዋ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ጋኑ አፍ ላይ ይተኛል። አስጎብኚው «ወደኋላ» ካለ ለጌጥ አይደለም።

ቢራውስ?

ቢራ ከዘጠና ከመቶ በላይ ውኃ ነው። ጣፋጩ የብቅል ውኃ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈላል፣ በመሃል ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ይገባል። ሆፕ ጣፋጩን በምሬት ያስተካክላል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል። ባቫሪያ ውስጥ በ1516 የወጣው ታዋቂ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ ይሠራ ይላል። እርሾን አይጠቅስም።

ሁለት ስም ትሰማላችሁ፦ ኤል እና ላገር። የጥራት ደረጃ አይደሉም። ኤል ሞቅ ባለ ሙቀት በፍጥነት የፈላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። ላገር በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የፈላ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። የጠርሙሱ ቡናማ ቀለምም ምክንያት አለው። ብርሃን ሆፑን ሲያገኘው ቢራው መጥፎ ሽታ ያመጣል፤ ፀሐይ ላይ የተረሳ ብርጭቆ ደቂቃዎች ይበቁታል።

አረቄው ጋ ለምን ስልክ ዝጉ ይላሉ?

የማንጠሪያው ክፍል አየር ውስጥ የአልኮል ትነት አለ። ትንሽ ብልጭታ አደጋ ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ እዚያ ክፍል ውስጥ ስልክና ካሜራ አይፈቀድም። ሴልፊውን ደጅ።

ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው የመዳቡ ማንጠሪያ ላይ ይሆናል። አንገቱ የረዘመ ትልቅ ሽንኩርት ይመስላል። መዳብ ለውበት አልተመረጠም። እንፋሎቱ ውስጥ ያለውን የድኝ ሽታ ይይዘዋል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን። በየጊዜው እየተበላ ስለሚሳሳ ሲያልቅ ይቀየራል።

የባለሙያው እጅ የሚታየው ግን ጠብታው መውረድ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ የሚወርደው «ራስ» ይባላል። አሸትቱት ካሏችሁ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው የሚሸተው። አይጠጣም። ቀጥሎ የሚመጣው «ልብ» ነው፣ የሚፈለገው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ «ጅራት» ይመጣል፦ ከባድ፣ እርጥብ ካርቶን የሚመስል። ልቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚቆርጠው ሰው ነው። ከአንድ ዓይነት ብቅል፣ በአንድ ዓይነት ማንጠሪያ ሁለት የተለያየ ውስኪ ሊወጣ የሚችለው በዚህ ቁርጥ ነው። ጉብኝቱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ይህን ጠይቁ፦ «የት ላይ ነው የምትቆርጡት? ለምን?» የአስጎብኚው ፊት ይበራል።

አዲስ የወጣ ውስኪ ውኃ ይመስላል። ወርቃማው ቀለም የሚመጣው ከበርሜሉ ነው (ስኮትላንድ ውስጥ ጥቂት ካራሜል ለቀለም መጨመርም ይፈቀዳል)። ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ለመባል ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መተኛት አለበት፣ ጠርሙስ ሲገባም ከ40 ከመቶ አያንስም። የአሜሪካው ቦርቦን ደግሞ ከእህሉ ቢያንስ 51 ከመቶው በቆሎ መሆን አለበት፣ የሚተኛውም በአዲስና ውስጡ በተለበለበ የኦክ ዕቃ ውስጥ ነው። ሲተኛ ግን ይጎድላል። እንጨቱ ይተነፍሳል። ስኮትላንድ ውስጥ በዓመት 2 ከመቶ ያህል ይተናል፣ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። መጋዘኑ በር ሲከፈት ፊታችሁን የሚመታው ጣፋጭ ሽታ እሱ ነው።

እንዴት ነው የሚቀመሰው?

ጭልጥ አይደረግም። መጀመሪያ እዩት፣ ከዚያ አሽትቱት፣ ከዚያ ፉት በሉና አፋችሁ ውስጥ ትንሽ አንከባሉት። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ሽታ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ፉት በሉ፤ የሚሰማችሁ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ ወይም መራራ መሆኑ ብቻ ነው። አፍንጫችሁን ስትለቁት ፍራፍሬው፣ ቅመሙ፣ ጭሱ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

በነገራችን ላይ «ምሬት በምላስ ጀርባ፣ ጣፋጭ በጫፉ» የሚለው ትምህርት ቤት የተማርነው ካርታ ስህተት ነው። ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ይቀምሳል።

ውስኪ ላይ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱት፣ ያቃጥላል። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ከላይ አሽትቱ። ጥቂት ጠብታ ውኃ መጨመርም ነውር የለውም። በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ውኃ ሲጨመር የጭስ ሽታ ያለበት ንጥረ ነገር ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል።

ወይኑ እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። ከቡሹ የሚመጣ ብልሽት ነው፣ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል። ማንም አይቀየምም።

መትፋት ያሳፍራል?

በፍጹም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ባልዲ የተቀመጠው ለዚያ ነው። በቅምሻ የሚተዳደሩ ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ፤ በቀን ሃምሳ ወይን እየዋጡ መሥራት አይቻልም። ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንየው።

አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በ5 ከመቶ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለው። 150 ሚሊ ሊትር ወይን በ12 ከመቶ፣ 18። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ በ40 ከመቶ፣ እሱም 18። ስለዚህ «እኔ ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚለው መከራከሪያ ብዙም አያስኬድም፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ነው።

አሁን ጉብኝቱን እንቁጠር። አምስት ወይን፣ እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር፣ በ13 ከመቶ፦ 32.5። አራት ቢራ በ100 ሚሊ ሊትር፣ በ5 ከመቶ፦ 20። አራት ውስኪ በ15 ሚሊ ሊትር፣ በ40 ከመቶ፦ 24። ድምሩ 76.5 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል። ከአራት ሙሉ ብርጭቆ ወይን በላይ ነው፣ ማንም አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሳይቀዳላችሁ። ጉበት ደግሞ አንዱን ብርጭቆ ለማጽዳት በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ንጹህ አየር አያፈጥኑትም። ያነቁ ይሆናል እንጂ ሞቅታው ያው ነው።

ስለዚህ ምግብ በልታችሁ ሂዱ፣ በየመሃሉ ውኃ ጠጡ፣ የወደዳችሁትን ዋጡ፣ ሌላውን ትፉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ወይም አልኮል የማይስማማው ሰው ጉብኝቱ አያመልጠውም። ማሽተት ብቻውን ግማሹ ቅምሻ ነው።

«ቀይ ወይን ራሴን የሚያመኝ በሰልፋይቱ ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም። ሰልፋይት ወይን እንዳይበላሽ የሚገባ ነገር ነው። ግን በአውሮፓ ሕግ ለደረቅ ቀይ የሚፈቀደው በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም ሲሆን ለደረቅ ነጭ እስከ 200 ነው። ጥፋተኛው እሱ ቢሆን ነጩ ይብስ ነበር።

መቼ ልሂድ?

ወይን ሲጨመቅ ማየት ከፈለጋችሁ ለቀማው ላይ ነው፦ በሰሜኑ የምድር ክፍል ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በደቡቡ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ። ሁሉም ሰው ሩጫ ላይ ስለሆነ ረጅም ወሬ ግን አትጠብቁ። ውስኪ ማውጫዎች ስኮትላንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ በበጋቸው ለጥገና ለጥቂት ሳምንታት ይዘጋሉ። በሩ ክፍት ነው፣ ማንጠሪያው ግን ቀዝቅዟል። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ሾፌሩስ?

ሾፌሩ አይቀምስም። ተፍቶም ቢሆን አይመከርም፣ ጥቂቱ መግባቱ አይቀርም። ስኮትላንድ በ2014 መጨረሻ የሾፌሮችን ገደብ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም አልኮል አውርዳለች። እዚያ ያሉ ብዙ ውስኪ ማውጫዎች ታዲያ መላ አላቸው። የሾፌሩን ድርሻ በትንንሽ ጠርሙስ ሞልተው፣ ስሙን ለጥፈው ይሰጡታል። ሌሎቹ ወንበር ላይ ተደግፈው ሲያንቀላፉ እሱ እየነዳ ይመለሳል። ማታ ጫማውን አውልቆ፣ ስልኩ ላይ የያዘውን ማስታወሻ ከፍቶ፣ አንድ በአንድ ይቀምሰዋል። አራተኛው ብርጭቆ ምን ምን ይል እንደነበር በማግስቱ የሚጠየቀው እሱ ነው።